ዳማ፣ ጣሳውና የመርካቶ ብልሃት

ዛሬ ጠዋት ዳማ በገዛ እግሯ መጥታ አፍንጫዋን ጣሳው ውስጥ ከተተች!

ዳማ የጥጥ ሱቄ ድመት ናት። አስም አለባት። (አዎ፣ ድመትንም ይይዛል። እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር።)

ሐኪሟ የሰው የአስም ፓፍ አዘዘላት። ምን አለሽ ተራ ያሉ ቀጥቃጭ ከወተት ጣሳ፣ ፓፉ በአንድ በኩል የሚሰካበት፣ አፍንጫዋ በሌላው የሚገባበት መተንፈሻ ሠሩላት። እሷ ግን ፓፉ «ፍስስ» ባለ ቁጥር ጥጥ ክምር ውስጥ ትገባለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳሳድዳት ጭራሽ የትንፋሿ ማጠር ባሰ፤ ፈራሁ።

ዛሬ ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ ሲያዩኝ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ገዢ ሲሸሽ ሮጠሽ ትይዣለሽ እንዴ? ፊትሽን አዙሪ፤ ራሱ ይመለሳል» አሉኝ።

መርካቶ ተወልጄ ይሄ ይጥፋኝ?

ጣሳውን ጭኔ ላይ አድርጌ ወደ በሩ ዞርኩ። በገባው ፀሐይ የጥጡ ብናኝ ቀስ እያለ ይንሳፈፋል፤ የተራው ጩኸት ሁሉ ከሩቅ የሚመጣ መሰለኝ። ከዚያ ለስላሳ ነገር ክንዴን ነካኝ። አፍንጫዋን ጣሳው ውስጥ ስትከት ቀስ ብዬ ፓፉን ተጫንኩ። አልሸሸችም።

አንድ ገዢ ዋጋ ጠየቀኝ፤ እኔ ትንፋሿን መቁጠሬን ቀጠልኩ። ሄደ። ይሂድ፣ ይመለሳል።

እናንተስ፣ ስታሳድዱት ሸሽቶ ስትተዉት የመጣላችሁ ነገር አለ? ጻፉልኝ። መልስ ካዘገየሁ እንዳትቀየሙኝ፤ ክንዴ ላይ ተኝታለች።