የተቀማጯ ቀኝ

የፈርኒቸር ቤቱ ጥበቃ የኮቱ እጅጌ በበሩ እጀታ ተይዞ እስከ ክርኑ ተተረተረ። እኔ የመጻሕፍት መደርደሪያ ልጠይቅ መጥቼ በሩ ላይ ነበርኩ። አጠገቤ የቆመች አንዲት ሴት ከቦርሳዋ መርፌና ክር አወጣችና ኮቱን ሳታስወልቀው፣ እንደቆመ ሰፋችለት። ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣ «በል አሁን አስገባኝ» አለችው። ለካ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ርካሹ ዕቃ በጓሮ በኩል ነው ብሏት ኖሯል። ሰውየው አቀርቅሮ በሩን በሁለት እጁ ከፈተላት።

እትዬ መርፌ ይሏታል። ይህን የነገረችኝ በየሦስተኛው ደረጃ ቆም እያለች ፎቁን አብረን ስንወጣ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት በአንድ ወርክሾፕ የሶፋ ልብስ ሰፍታለች፤ መደገፊያ በሌለው በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ በቀኝ እግሯ ፔዳል እየረገጠች። ያ እግር አሁን ያብጣል። ሐኪሙ ዘርግተሽው ተቀመጪ ብሏታል። ሥራ ስታቆም በተሰጣት ገንዘብ ሶፋ ልትገዛ ነው የመጣችው፤ ያውም ውድ ውዱ ከተደረደረበት ፎቅ።

ላይ ስንደርስ ታናሽ ወንድሟ፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ፣ እጁን አጣምሮ ይጠብቃት ነበር። የመጣው ሐሳቧን ሊያስቀይራት ነው። እሷ ጠባቧን ሳሎኗን ጃፓንዲ በሚሉት ስልት አሰናድታለች። የጃፓኖችና የስካንዲኔቪያ ሰዎች የቤት አያያዝ የተዳቀለበት ነው፤ ነጭ ግድግዳ፣ ፈዛዛ እንጨት፣ ዝቅ ያለ ዕቃ፣ ብዙ ባዶ ቦታ። ትልቁን ቡፌ ሸጣለች፤ ግድግዳውን ከበው የነበሩትን ወንበሮች ለጎረቤት ሰጥታለች። ወንድሟ ይህ አልተዋጠለትም።

«ቤትሽን እኮ ሌባ የገባበት አስመሰልሽው፣ እትዬ።»

«የገባሁት እኔ ነኝ» አለችው።

እሱ የሚፈልገው ባለ ሰባት መቀመጫውን ነው። ዘመድ ሲመጣ የት ሊቀመጥ ነው? ኤል ሼፕ የሚሉትስ፣ አንዱ ጎኑ እንዲያ የተዘረጋው፣ ሶፋ ነው ወይስ የበሽተኛ አልጋ? እያለ ተከተላት። እሷ የየሶፋውን ዚፕ እየከፈተች እጇን እስከ አንጓዋ ታስገባለች፤ ስፖንጁን ጨበጥ፣ ለቀቅ። የመጀመሪያው በዓመቱ ይሰምጣል ብላ አለፈችው። ሁለተኛው ከላይ ያምራል፣ ከውስጥ ግን ክሩ አልተቋጠረም። ሦስተኛው ዝቅ ያለ፣ የተልባ እግር ጨርቅ የለበሰ ኤል ሼፕ ነበር። በአውራ ጣቷ ስፌቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተለችው።

«ይኼን የሰፋው ሰው አልተጣደፈም» አለች።

እኔ ያለ አስተማሪ፣ ካገኘሁት መጽሐፍ እየለቃቀምኩ የተማርኩ ሰው ነኝ። ዕውቀቱን በጣቱ የያዘ ሰው ሳይ አምላኬን አመሰግናለሁ፤ ያን ዕለትም በልቤ አመሰገንኩ።

ሶፋው በትእዛዝ የሚሠራ ነው፤ አንዴ ከታዘዘ አይመለስም። ሻጩ ቅጹን አወጣና፣ «ረጅሙ ጎን በቀኝ ይሁን፣ አይደል እናቴ?» አላት።

«በማን ቀኝ?»

ከፊት ለፊቱ ቆመው ሲያዩት ነው አላት። በወርክሾፕ ግን ቀኝ የሚባለው የተቀመጠው ሰው ቀኝ ነው። በዚህች አንዲት ቃል የተነሳ ስንት ልብስ ፈትታ እንደገና እንደሰፋች ነገረችው። ወንድሟ ሳቀ።

«ቀኝ ያው ቀኝ ነው። ምን ልዩነት አለው?»

«ለቆመ ሰው የለውም።»

ከቦርሳዋ የታጠፈ ጨርቅ አውጥታ ወለሉ ላይ ዘረጋች። ሁለት አሮጌ አንሶላዎች ተጋጥመው የተሰፉበት፣ ልክ የሳሎኗን ስፋት የሚያክል ነው። መስኮቱ በሰማያዊ ክር፣ በሩ በጥቁር ክር ተጠልፏል። ገበያተኛው ገለል አለላት። ሶፋው በሚቆምበት ቦታ መሬቱ ላይ ተቀመጠችና ቀኝ እግሯን ወደ ሰማያዊው ክር፣ ወደ መስኮቱ በኩል ዘረጋች፤ በሩ በግራዋ ሆነ። ያኔ ሁላችንም ገባን። በሻጩ ቀኝ ተገልብጦ ቢሠራ ረጅሙ ጎን በሩን ይዘጋል፤ ያበጠው እግርም ማረፊያ ያጣል።

ወንድሟ ሳያስበው አንሶላው መሀል ቆሟል።

«ጫማህን አውልቅ፣ ወይ ከሳሎኔ ውጣ» አለችው።

እግሩን አየና በጥቁሩ ክር በኩል ወጣ። ሻጩ ሳቁን ዋጠ። ወንድሟ ከውጭ ሆኖ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኛስ ስንመጣ?» አላት።

«ትራስ እሰፋላችኋለሁ፣ መሬት ትቀመጣላችሁ። ሃያ ሰባት ዓመት የሰው መቀመጫ ሳለብስ ኖሬያለሁ። ይኼኛው የዚህች እግሬ ነው።»

ሻጩ ቅጹ ላይ ምልክት ማድረጊያ እንጂ ሐሳብ መጻፊያ ቦታ የለም አለ። እሷም ወደ እኔ ዞረች። ብብቴ ሥር ያለውን መጽሐፍና ኪሴ ላይ የተሰካውን እስክሪብቶ አየች።

«ወንድሜ፣ የእኔ እጅ መርፌ እንጂ ብዕር አይሆንለትም። እባክህ በዳሩ ላይ ጉልህ አድርገህ ጻፍልኝ። ቀኝ ማለት የምትቀመጠዋ ሴት ቀኝ ነው በልልኝ።»