መሬት ያስቀመጥሁት ካራ

ጥቅምት ነበር፤ ዝናቡ አበቃ ስንል ተመልሶ የመጣበት ጥቅምት። ቆላው ላይ ማሽላው እሸት ይዟል፤ ከርከሮ ደግሞ በጠራራ ፀሐይ እየገባ ያወድመዋል። እኔ የብቸና ሰው ነኝ። አብሮኝ የወረደው የሚስቴ ወንድም አያሌው ግን ሞጣ ተወልዶ ያደገ፣ የዓባይን ገደል እንደ ጓሮው የሚያውቅ ሰው ነበር። ማሽላው የሱ ነው፤ የስድስት ልጅ ቀለብ።

እናንተ አሁን በስልካችሁ ባለመጋዝ፣ ባለኮምፓስ ካራ እያሳያችሁ «ጋሼ፣ ለበረሃ የትኛው ይሻላል?» ትሉኛላችሁ። የምታዩት ስለቱን ብቻ ነው። እኔም እንደናንተ ነበርሁ፣ ጅል!

የዚያን ጊዜ ካራዬን ያሠራሁት ብቸና ገበያ፣ አንድ ሽማግሌ ብረት ሠሪ ዘንድ ነው። ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ፣ ፀጉር የሚላጭ ካራ። እጀታው ቀንድ ነው፤ ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ሽማግሌው «ጫፉን ልብሳውና ጠፍር እሰርበት፤ ከእጅህ እንዳያመልጥ» አሉኝ። «ኧረ አባባ፣ ይህን የመሰለ ቀንድ አያበላሹብኝ!» አልሁ። ካራውን መሬት አስቀመጡልኝና አነሳሁት። መቼም ታውቃላችሁ፣ በኛ አገር ስለት ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም፤ ሰጪና ተቀባይ ይጣላሉ ይባላል። እኔን እናቴ ይህን ያስተማረችኝ በኩርኩም ነው።

አያሌው ገጀራውን ወገቡ ላይ ሽጦ ሲመጣ «ምነው፣ እንጨት ልትለቅም ነው እንዴ?» ብዬ ሳቅሁበት። «ለሁለት ሰው የኔ አንድ ካራ ይበቃል።» እሱ ሰው አክባሪ ነው፤ እኔ ደግሞ ታላቁ ነኝ። ገጀራውን ደጃፉ ላይ ሰቅሎ ጦሩን ብቻ ይዞ ወጣ። ጠመንጃ እንዳንይዝ፣ በዚያ ጊዜ ቆላ ውስጥ ተኩስ ማሰማት ሌላ ጣጣ ነበር።

ወጥመዱን በዋዜማው አጥምደነዋል፤ የናይለን ገመድ፣ አንዱ ጫፍ ወይራ ግንድ ላይ የታሰረ። ጠዋት ስንደርስ ጭቃው ታርሷል፤ ኮቴው ሰፊና ጥልቅ፣ የትልቅ አውራ ኮቴ። ከርከሮው ገደሉ አፍ ላይ የኋላ እግሩን ተይዞ ቆሟል። አያሌው ወርዶ ወጋው። ጦሩ ትከሻው ላይ ተሰበረ። አውሬው ሲዞር የላላው ገመድ የአያሌውን ቁርጭምጭሚት ጠመጠመና ሁለቱን አንድ ላይ አሰራቸው። ከርከሮው ወደ ቁልቁል ይጎትታል፤ አያሌው በደረቱ ተኝቶ አለቱን አቅፏል።

«ካራውን! ካራውን አምጣ!» አለኝ፣ አንድ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ።

ከበላዩ ተንበርክኬ እጄን ሰደድሁ። መዳፉ ከመዳፌ ስንዝር አይርቅም። ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ካራውን ከእጁ አጠገብ፣ አለቱ ላይ አስቀመጥሁለት። አስቤው አይደለም፤ እጄ የለመደውን ነው ያደረገው። አለቱ በሌሊቱ ዝናብ ረጥቧል፣ ቀንዱ ልሙጥ ነው፤ ካራው ዞር አለና ተንሸራተተ። አያሌው በጣቱ ጫፍ ነካው። ከዚያ ወደ ታች ድንጋይ ለድንጋይ ሲንቃጨል ሰማሁት፤ ረጅም ጊዜ ሰማሁት።

ከርከሮው ተመለሰ። ክራንቻውን የአያሌው ብሽሽት ላይ ሲሰካ በዓይኔ አየሁ። ዘልዬ ወረድሁ፤ ገመዱን በጥርሴ ያዝሁት። ናይለን በጥርስ አይበጠስም። ድንጋይ አንስቼ የአውሬውን ጭንቅላት ቀጠቀጥሁ፤ ሞተ፣ ግን ምን ዋጋ አለው!

ቁስሉን በነጠላዬ ጥፍር አድርጌ አሰርሁ። ጮኼ ሰው ደረሰልኝ፤ በቃሬዛ ዳገቱን ተያያዝነው። እስከ መኪናው መንገድ የግማሽ ቀን ጉዞ ነው። እንደማንደርስ ሁላችንም አውቀናል። መሀል ዳገት ላይ አያሌው ዓይኑን ገለጠ።

«ለምን መሬት አስቀመጥኸው?»

«እንዳንጣላ» አልሁት።

ፈገግ ሊል የፈለገ መሰለኝ። ዳገቱን ሳንጨርስ ነፍሱ ወጣች።

እንግዲህ ካራ ምረጥልን ካላችሁ፣ እጀታው ሻካራ ይሁን፤ ማሰሪያ ይኑረው፤ ሁላችሁም የየራሳችሁን ያዙ። ጓደኛችሁ ሲለምናችሁ ደግሞ መዳፉ ውስጥ አስገቡለት። ብትጣሉ ሽማግሌ ያስታርቃችኋል። እኔን ከአያሌው ማን ያስታርቀኛል?

ይህን ለናንተ ነገርሁ እንጂ ሚስቴ አታውቅም፤ አደራ። ለሷ ገመዱ ጠልፎ አስገደለው ነው ያልኋት። ባለፈው እሑድ ሽንኩርት ልትከትፍ ቢላ አቀብለኝ አለችኝ። አንስቼ ወደ እጇ ዘረጋሁላት። እጇን ሰብሰብ አድርጋ «አስቀምጠው እንጂ! ልንጣላ ነው እንዴ?» አለች።

አስቀመጥሁላትና ወጣሁ።