የሃምሳ ስምንት ሰው እናት

የወንድሜ ልጅ ማርታ ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቀች ዓመት ሊሞላት ነው። ሥራ እየፈለገች ነው። እስክታገኝ ድረስ ሶፍትዌር መፈተሽ የሚባል ሙያ እኔ ሳሎን ቁጭ ብላ በኮምፒዩተሯ ትማራለች። ሰሞኑን አንድ ከሰዓት በኋላ ምስር ስለቅም መጣችና ኮምፒዩተሯን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

"አክስቴ፣ እስቲ ይህን ቅጽ አበላሺልኝ።"

"ምን በወጣኝ! የሰው ንብረት አበላሽቼ ልከሰስ?"

"ሥራው እኮ ማበላሸት ነው። የት ቦታ ላይ እንደሚሳሳት ካላወቅን ማን ያስተካክለዋል?"

ሳቄ መጣ። ምስሩን ወደ ጎን አደረግሁት። ይህንኑ ነገር ከአርባ ዓመት በፊት አንድ ሰው ብሎኝ ነበር። ያኔ ግን ኮምፒዩተር ጭን ላይ የሚቀመጥ ዕቃ አልነበረም። አንድ ሰፊ ክፍል ለብቻው ይዞ፣ እንዳይሞቀው ማቀዝቀዣ ተገዝቶለት የሚኖር ጌታ ነበር።

ጊዜው ደርግ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ ሥራ ፈላጊ ሆኜ ተመዝግቤአለሁ። ሥራ ማጣትም ካርድ ነበረው። ካርዱን በየጊዜው እየሄዱ ማሳደስ፣ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን የስም ዝርዝር በጣት እየተከተሉ ማንበብ፣ ከዚያ ወደ ቤት መመለስ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ስሜን ሁለት ጊዜ አይቼ ሁለት ጊዜ ልቤ ቀጥ ብሏል። ሁለቱም ሞክሼዎቼ ነበሩ።

ቤታችን ቀራንዮ ነው፤ ከመድኃኔ ዓለም ወደ ወንዙ ስትወርዱ። አባቴ አርፏል። እማዬ ጦር ኃይሎች አካባቢ ባለ አንድ ክሊኒክ ወለል እየወለወለች እኔንና ሁለት ወንድሞቼን ታሳድጋለች። ጉልበቷን ያማት ነበር። ከሥራ ስትመለስ በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ትጠመጥምበትና "አንቺ ሥራ የያዝሽ ዕለት እኔ አርፋለሁ" ትላለች። ስትናገረው ወቀሳ የለበትም፤ የተቆረጠ ቀጠሮ ነበር የሚመስለው። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ካርዴን አውጥቼ የሚታደስበትን ቀን አይ ነበር።

አንድ ቀን ከክሊኒኩ ወሬ ይዛ መጣች። መሀል ከተማ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ለኮምፒዩተር ካርድ የሚበሱ ልጆችን ሦስት ወር ያለ ደሞዝ ያለማምዳል አሉ። ካርድ መብሳት ምን እንደሆነ እሷም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። መርፌ የሚያስይዙኝ መስሎኝ ሄድኩ።

ክረምት ነበር። የቀራንዮ ጭቃ የሚያውቀው ያውቀዋል፤ ሰውን ይዞ ጫማውን ያስቀራል። ስለዚህ እስከ ጦር ኃይሎች በኮንጎ ጫማ እሄዳለሁ፤ እዚያ ቧንቧ ጋ እግሬን ታጥቤ፣ በላስቲክ የጠቀለልኩትን ባለተረከዝ ጫማ አደርግና አውቶቡስ ፌርማታ ላይ እሰለፋለሁ። ፌርማታው አጠገብ የበቆሎ ጥብስ የሚሸጡ ሴቶች ነበሩ። ሽታው ብቻ ቁርስ ይሆን ነበር። ምሳዬ የተቀቀለ ድንችና በወረቀት የተቋጠረ ሚጥሚጣ ነው።

ኮምፒዩተሩ ያለበት ክፍል ስገባ ቁም ሣጥን የሚያካክሉ ብረቶች ተሰልፈው አገኘሁ። ሠራተኛው በሙሉ ሹራብ ለብሷል። አለቃዬ የሆኑት ጋሽ ስዩም ይባላሉ፤ ፕሮግራም ጸሐፊ ናቸው። ውጭ አገር ተምረው የመጡ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን የሚፈልጉ ሰው ነበሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ካርድ መብሳት አስተማሩኝ። እንደ ታይፕ ነው፤ ልዩነቱ በፊደል ፈንታ ካርዱ ላይ ቀዳዳ መውጣቱ ነው። አንድ ካርድ አንድ ሰው ነው፦ ስሙ፣ ዕድሜው፣ የቤት ቁጥሩ።

የሚጽፉት ፕሮግራም ለቀበሌ ሱቆች ነበር። ያን ጊዜ ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና በቤተሰብ ብዛት እየተመዘነ በኩፖን ነው የሚታደለው። ማሽኑ ነዋሪውን በየቤቱ ሰብስቦ፣ የቤተሰቡን ኃላፊ ስምና የሰውን ብዛት ጽፎ እንዲያወጣ ነበር ሐሳቡ። ለሙከራ ከተመረጡት ቀበሌዎች አንዱ የእኛው ነበር። ሙከራው በኃላፊዎች ፊት ታይቶ ከጸደቀ፣ ፈታሽ የሚባል አንድ ቋሚ የሥራ መደብ ይከፈታል።

"ያ መደብ ያንቺ ነው" አሉኝ ጋሽ ስዩም፣ "እስቲ ፕሮግራሜን አበላሺልኝ።"

"እንዴት አድርጌ፣ ጋሼ?"

"እኔ የጻፍኩትን እኔው ብፈትሽ የገዛ ልጄን እንደ መዳኘት ነው። አንቺ አትመኝኝ። ያልጠበቅኩትን ሰው ፍጠሪና አስገቢ። ደግሞ መልሱን ቀድመሽ በእጅሽ ጻፊ። ማሽኑ ካወጣው በኋላ ካየሽው ሁሉም ትክክል ይመስልሻል።"

ሰው መፍጠር አልቻልኩም። ስለዚህ የሰፈሬን ሰዎች ማስገባት ጀመርኩ። ጎረቤታችን አለቃ ተሰማ ከጎጃም የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ መቶ አራት ዓመቴ ነው ይላሉ፣ ቀበሌም አምኖ መዝግቧቸዋል። ካርዱ ላይ ግን ለዕድሜ የተተወው የሁለት አኃዝ ቦታ ብቻ ነው። ማሽኑ አለቃን የአራት ዓመት ሕፃን አድርጎ፣ የዱቄት ወተት ከሚታደላቸው ልጆች ጋር አሰልፎ አወጣቸው። ጋሽ ስዩም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። በሁለት ቀን አስተካከሉት።

ከዚያ ወዲያ ዓይኔ ሌላ ሆነ። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሳይ "ይቺን ማሽኑ ምን ይላት ይሆን?" እላለሁ። መንታ የወለደችውን፣ ሁለት ጎጆ ያለውን፣ ባሏ ዘምቶ ሞቱም ሕይወቱም ያልታወቀላትን። ስለ ጎረቤቶቼ በሃያ ዓመት ያላወቅሁትን በሁለት ወር አወቅሁ። ደሞዝ የለኝም፣ ግን እሑድ ሲሆን ሰኞን የምናፍቅ ሆኜ ነበር። ሰው ሥራን እንዲህ ሊወደው እንደሚችል ያኔ ነው ያወቅሁት።

ሙከራው ለኃላፊዎች ሊታይ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ፣ ስኳር ለመውሰድ ቀበሌ ሱቅ ተሰለፍኩ። የሱቁ ጸሐፊ መዝገቡን ይዞ ይጣራል።

"አዲስ!"

"የቱ አዲስ?" አለች አንዷ።

"ከወንዙ ማዶ፣ ባለ ቆርቆሮ አጥሩ። አንቺ አይደለሽም እንዴ? ነይ እንጂ!"

ይህ እንኳን ለእኔ፣ ለማንም የቀራንዮ ሰው ብርቅ አልነበረም። ቀበሌ የቤት ቁጥር ከሰጠ በኋላ የተሠራ ቤት ሁሉ ቁጥር የለውም፤ በቁጥሩ ቦታ "አዲስ" ተብሎ ይጻፋል። የእኛ ቤት ግድግዳው ተሰንጥቆ፣ ጣሪያው ዝጎ፣ አሁንም አዲስ ነበር። ጸሐፊው ሁሉንም አዲስ በመልክ ያውቃቸዋል። እኔ ግን ሰልፉ መሀል ቆሜ "ማሽኑ መልክ አያውቅም" ብዬ አሰብኩ። ተራዬ ደርሶ ሲጠሩኝ አልሰማሁም፤ ከኋላዬ ያለችው ሴት ገፍታ ነው የቀሰቀሰችኝ።

ሰኞ እንደገባሁ የካርድ አሞላሉን መመሪያ አየሁ። ቁጥር ለሌለው ቤት አራት ዜሮ ብሱ ይላል። ሥራዬን እየሠራሁ በትርፍ ሰዓቴ የአሥራ አንድ አዲስ ቤቶችን ሰዎች፣ ከእኛው ቤት ጀምሬ፣ አንድ በአንድ በሳሁ። መልሱን ቀድሜ ጻፍኩ፦ አሥራ አንድ ቤተሰብ፣ ሃምሳ ስምንት ሰው። ሐሙስ ዕለት ማሽኑ ውስጥ አስገባሁት። ማተሚያው አንድ መስመር ብቻ አትሞ ቆመ። አራት ዜሮ የተበሳለትን ሁሉ የአንድ ቤት ሰው አድርጎታል፦ አንድ ቤተሰብ፣ ሃምሳ ስምንት ሰው፣ የቤተሰቡ ኃላፊ እማዬ።

መጀመሪያ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ የድልድሉን ዓምድ አየሁና ሳቁ ጠፋ። ከአሥር ሰው በላይ የሆነ ቤተሰብ እንደ አሥር ነው የሚቆጠረው። አርባ ስምንቱ ሰው ስኳርም ሳሙናም የለውም ማለት ነው። እኔ የበሳሁት ደግሞ የአሥራ አንድ ቤት ብቻ ነው፤ በሰፈራችን ያለው አዲስ ቤት ስፍር ቁጥር የለውም። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ሙከራው የሚታየው በቀጣዩ ሰኞ ነበር።

ማታ ለእማዬ ነገርኳት። ሃምሳ ስምንት ልጅ እንዳላት ስትሰማ "ሦስታችሁም በዝታችሁብኛል" ብላ ሳቀች። ቀጥላ ግን ጨርቁን ከጉልበቷ አንስታ ወደ እኔ ዞረች።

"ብትነግሪያቸው ምን ይሆናል?"

"ሙከራው ይቆማል መሰለኝ። ቤቱ ሁሉ እንደ አዲስ መመዝገብ አለበት።"

"ሥራሽስ?"

"እንጃ።"

"እንግዲያው መጀመሪያ ግቢ። ከገባሽ በኋላ ትናገሪያለሽ። ልጄ፣ ውጭ የቆመ ሰው አይሰማም።"

ምክሯ የብልህ ሰው ምክር ነበር። ዛሬም ስህተት አላገኝበትም። ሌሊቱን እሺ ብዬ አደርኩ። ጠዋትም እሺ እንዳልኩ ጭቃውን ወረድኩ። መሥሪያ ቤት ገብቼ ጋሽ ስዩም "ዛሬስ ምን አበላሸሽ?" ብለው ፈገግ ሲሉልኝ ግን እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ገባ።

ወረቀቱን ብዙ ጊዜ አዩት። መነጽራቸውን አወረዱ፣ መልሰው ሰቀሉ።

"ይህን አድርጊ ያለሽ ማነው?"

"እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።"

"እኔ የሚጠገን ነገር አግኚልኝ ነው ያልኩት! ይሄ የፕሮግራም ስህተት አይደለም፤ የቀበሌ ነው። ቁጥር የሌለውን ቤት እኔ ከየት ቁጥር ላምጣለት?"

"ስኳሩን የሚያጣው ግን ቀበሌው አይደለም" አልኩ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጥለው ወጡ። ለምሳ እንደሄዱ አልተመለሱም። ያስተማሩኝን እንዳለ ተቀብዬ በሥራ ላይ ባውለው ተቀየሙኝ፤ እኔም ተቀየምኳቸው። ቅዳሜና እሑድ ከቤት አልወጣሁም። እማዬ ምን እንደሆንኩ አልጠየቀችኝም፤ ፊቴን አይታ አውቃለች።

ሰኞ ኃላፊዎቹ መጥተው ወንበር ሲይዙ ጋሽ ስዩም ወደ እኔ መጡ። እጃቸው ላይ የእኔን አሥራ አንድ ቤቶች ካርድ ይዘዋል።

"መጀመሪያ እነዚህን አስገቢ" አሉኝ። ፊታቸው ላይ አንዳች ነገር አይነበብም።

አስገባሁ። ማተሚያው አንድ መስመር አተመ። ዋናው ኃላፊ ወረቀቱን አነሱና "ጓድ ስዩም፣ ይቺ ሴትዮ ማናት? ሃምሳ ስምንት ቤተሰብ!" አሉ። ሰዉ ሳቀ። ጋሽ ስዩም አልሳቁም። "ስህተት ነው። ስህተቱ የእኔ ነው። ያገኘችው እሷ ናት" ብለው በእጃቸው አመለከቱኝ። ሁሉም ዞሮ ሲያየኝ በዚያ ብርድ ክፍል ውስጥ ላብ አሰጠመኝ። የሰጡኝ ክብር እንደነበረ የገባኝ ኋላ ነው፤ ያኔ የገባኝ መደቡ እንደሄደ ብቻ ነበር።

እንደፈራሁትም ሆነ። ሙከራውም መደቡም "ለጊዜው ይቆይ" ተባለ፤ ለጊዜው የተባለ ነገር ደግሞ በዚያ ዘመን ለዘላለም ነው። ልምምዴን ስጨርስ ጋሽ ስዩም እስከ በሩ ሸኙኝ። "ሦስት ቀን አኩርፌሻለሁ። ይቅር በይኝ" አሉኝ፣ በእኔ ዕድሜ ላለች ልጅ። ከዚያ በኋላ አግኝቻቸው አላውቅም። እኔም ቆይቼ በታይፒስትነት ተቀጠርኩ፤ ጡረታዬም በዚያው ሆነ።

ማርታ ይህን ሁሉ አገጯን በእጇ ደግፋ ሰማችኝ። "ጎበዝ ነበርሽ!" አለች። "ትንሽም አልቆጨሽም?"

ስለተናገርኩት አልቆጨኝም። እንደውም እውነቱን ከተናገርኩ፣ ያናገረኝ ለሰፈሬ ያለኝ ሐዘኔታ ብቻ መሆኑን እጠራጠራለሁ። ያገኘሁትን ነገር አምቆ መያዝ አልሆነልኝም፤ እንቆቅልሽ ፈትታ መልሱን ደብቂ እንደተባለች ልጅ ነበርኩ። ሰው ሲያመሰግነኝ የማፍረው ለዚህ ነው። የከፈልኩት እኔ አይደለሁማ። የታይፕ ሥራውን ያገኘሁት ከአራት ዓመት በኋላ ነው። እማዬ አራቱን ዓመት በዚያ ጉልበቷ የክሊኒኩን ወለል ወለወለች። መጨረሻ ላይ ደረጃውን የምትወጣው ወደ ጎን ዞራ፣ ግድግዳውን ይዛ ነበር።

እስክትሞት ድረስ አንድ ቀን "ብዬሽ ነበር" አላለችኝም። ብትለኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።