አንበሳው ያለበት ክፍል

ይህ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ሲያትል በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። እስካሁን የማልረሳው አንድ ትልቅ ሰው ሲኒማ ቤት ውስጥ እንደ ልጅ ሲጨነቁ ስላየሁ ነው።

አባባ ታደሰ ሬኒየር ቢች በሚባለው የሲያትል ሰፈር ጎረቤቴ ነበሩ። አንድ ቀን እሁድ የሚታይ የድሮ ድምፅ አልባ ፊልም ማስታወቂያ ይዘው መጡ። በየሳምንቱ ክፍል በክፍል ይታይ የነበረ የጀብዱ ፊልም ነው።

«ይቺን ልጅ አውቃታለሁ» አሉኝ፣ ገደል ላይ የተንጠለጠለችውን ሴት እያሳዩ። «አዲስ አበባ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ተለጥፋ ነበር።»

ፊልሙን ግን አላዩትም። የሰፈር ልጆች ያላቸውን ሲያዋጡ የሚበቃው ለአንድ ሰው ነው። የሚገባው ታላቅ ወንድማቸው ነበር። ሌሎቹ ውጭ ይጠብቃሉ፤ እሱ ሲወጣ እየዘለለና እየወደቀ ይተርክላቸዋል። መጨረሻ ላይ አንበሳ መጥቶ ልጅቷን አዳናት ሲል ግን ልጆቹ «ቀጣፊ!» አሉት። አባባ ታደሰ ስለ ወንድማቸው ተደባደቡ። ወንድምየው ጣሊያን በገባ ጊዜ ሞተ።

«አልዋሸም፤ በዓይኔ ልየው» አሉ።

«ኦኬ አባባ፣ እሁድ ኦፍ ነኝ፣ እወስድዎታለሁ» አልኳቸው።

እሁድ ከሰዓት ሲኒማ ቤቱ ሄድን። አንድ ሰውዬ ፊልሙን እየተከተለ ፒያኖ ይመታል። ባቡር መጣ፣ ድልድይ ፈረሰ፣ ሽፍቶች ተታኮሱ፤ የአንበሳ ጥላ እንኳ የለም። አባባ ታደሰ ወንበራቸው ጫፍ ላይ ደርሰዋል። «አንበሳውስ?» ሲሉ ሰው ሁሉ ዞረ። እኔ በሀፍረት ልሞት!

ሽፍታው ልጅቷ የተንጠለጠለችበትን ገመድ መቁረጥ ሲጀምር ሸራው ነጭ ሆነና መብራት በራ። አንዲት ሴት ወጥታ ቀሪዎቹ ክፍሎች እንደጠፉ፣ የትም አገር ተፈልገው እንዳልተገኙ ተናገረች። ሰዉ አጨብጭቦ ኮቱን ማንሳት ጀመረ። እኔ እንዴት ብዬ ልንገራቸው? አንጀቴን በሉት። እንደምንም ተረጎምኩላቸው።

«የትም የለም?» አሉኝ።

«የትም የለም አባባ።»

ፊታቸው በራ። «በይ እንግዲያው አንበሳው እዚያ የጠፋው ክፍል ውስጥ ነው።»

መኪና ውስጥ ገመዱ ከተቆረጠበት ጀምረው እስከ መጨረሻው ተረኩልኝ። አንበሳው ሲያገሳ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። ቤታቸው ደርሰን እንኳ ሞተሩን አጥፍቼ አዳመጥኩ።

አባባ ታደሰ ዛሬ የሉም። የጠፋ የድሮ ፊልም ተገኘ ሲባል ስሰማ ግን አሁንም ልቤ ይደነግጣል። ፊልም ወዳጆች ይቅር ይበሉኝና፣ የዚያኛው ቀሪ ክፍል ባይገኝ ደስ ይለኛል።