«የእኔ ቤተሰብ ናቸው»

በደርግ ጊዜ ሃያ ሁለት አካባቢ ስንኖር የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ተመራጭ ነበርኩ። አፌ አያርፍም፤ ስብሰባ ላይ እጄን ሳላወጣ የማልፍበት ቀን አልነበረም። ገና ከወንበሬ ብድግ ስል የቀበሌው ሊቀ መንበር «ደግሞ ጀመሩ!» ይለኝ ነበር።

አጥር የምትጋራኝ ጎረቤቴ ድንገት ታማ ስትሞት ሦስት ልጆች ትታ ሄደች። አባታቸው ቀድሞ ሞቷል። የመጀመሪያዋ ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ወንድሟንና ትንሿን እህቷን ይዛ በእናቷ የቀበሌ ቤት፣ በአንዲት ክፍል ቀረች። እውነቱን ልናገርና ከእኔ ቤት የእሷ ይጸዳ ነበር።

ችግሩ ራሽኑ ላይ መጣ። ስኳሩም፣ ሳሙናውም፣ ጤፉም ከኅብረት ሱቅ የሚገኘው በቤተሰብ ካርድ ነው፤ ካርዱ ደግሞ የሚሰጠው አሥራ ስምንት ዓመት ለሞላው የቤተሰብ ኃላፊ ብቻ ነው። እናትየው ስትሞት ካርዷ ተሰረዘ። አንድ ረፋድ ልጅቷ ባዶ ዘንቢል ይዛ ስትመለስ አየኋት።

«ምነው?» ስላት፣ «ትልቅ ሰው አምጪ አሉኝ፣ እትዬ» አለችኝ።

ከየት ታምጣ? ደሜ ፈላ። እዚያው ቀን ቀበሌ ሄድኩና «ሦስቱንም በእኔ ካርድ አስገቡልኝ፤ የእኔ ቤተሰብ ናቸው» አልኩ። እምቢ የሚለኝ አልነበረም። ዘንቢላቸው ሲሞላ ሳይ ኩራቴ ለጉድ ነበር። ሰው ሲያመሰግነኝ «ኧረ ምን አደረግኩና!» እላለሁ፤ ግን ምስጋናውን ለመስማት ቆም እል ነበር።

ጥቂት ወራት ቆይቶ የቤት ጉዳይ ኮሚቴ መጣ። የልጆቹ ቤት ባዶ ነው ተባለ። ልጆቹ በሩ ላይ ቆመው እንዴት ባዶ ይሆናል?

«ጓድ፣ የእኔ ቤተሰብ ናቸው ብለው ያስመዘገቡት እርስዎ ነዎት» አለኝ ሊቀ መንበሩ። «አንድ ቤተሰብ ሁለት የቀበሌ ቤት መያዝ አይችልም።»

ደንቡን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ በየስብሰባው ሁለት ቤት የያዙትን ሳጋልጥ የኖርኩ ሴት! ያን ቀን ግን ስለ ስኳሩ እንጂ ስለ ቤቱ አላሰብኩም። ቤቱን የሰጡት ደግሞ ሸራ ወጥራ ለምትኖር አራስ ነበር፤ እሷንስ ምን ብዬ ልጣላት?

ልጆቹ የእናታቸውን አልጋ ተሸክመው እኔ ቤት ገቡ። የእኔ ልጆች መሬት ላይ መተኛት ጀመሩ። ትልቋ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። በገዛ ቤቷ እመቤት የነበረች ልጅ፣ ውሃ ለመጠጣት እንኳ ታስፈቅደኝ ጀመር። «እትዬ፣ ልቅዳ?» ባለች ቁጥር ብድግ ብዬ ራሴ እቀዳላት ነበር። ቤታቸውን ያስወሰድኩባቸው እኔው ነኛ!

የቀበሌውን ሰዎች በየስብሰባው ነዘነዝኳቸው። በመጨረሻ ቀበሌው ተስማማ፤ ከእንግዲህ ወላጅ የሌላቸው ልጆች፣ ትልቅ ሰው ዋስ ሆኖላቸው፣ ካርድም ቤትም በታላቃቸው ስም እንዲይዙ ተወሰነ። እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። ልጅቷ ግቢ ውስጥ የወንድሟን ሸሚዝ እያጠበች ነበር፤ ነገርኳት።

«እሰይ! ደግ አደረጉ፣ እትዬ» አለች፣ ከልቧ። ቤታቸው ለአራሷ ተሰጥቷልና ውሳኔው ለእነሱ እንዳልደረሰ ገብቷታል።

ትንሿ አጠገቧ ሆና ትሰማ ኖሯል። ብድግ አለችና «ታዲያ እንሂዳ ወደ ቤታችን!» ብላ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች።