ትራሱና ካውያው

አጎቴ ሠላሳ ዓመት ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ሲተኩስ ኖረ። ጡረታ እንደወጣ የነርቭ ሕመም ያዘው፤ ሲተኛ ደም ግፊቱ ያሻቅባል፣ ሲቆም ደግሞ ያሽቆለቁላል። ሐኪሙ ሲጋደም ሆዱ ላይ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ትራስ እንዲያደርግ አዘዘው። ሙቀቱ ግፊቱን ስለሚያወርድ ግን በድንገት እንዳይነሳ አስጠነቀቀው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትራሱን አድርጎ እንደተጋደመ፣ ሚስቱ በሚቀጥለው ክፍል የእኔን ሸሚዝ ስትተኩስ ጨርቅ ሲያር ሸተተው። ብድግ አለ፤ በሩ ጋ ሳይደርስም ተዝለፍልፎ ወደቀ።

እኔና ሚስቱ ሮጠን ሄደን እግሩን ከፍ አደረግንለት። ዓይኑን ሲገልጥ፣ "ካውያውን አንሺው" አላት።

"አንተ ሰውዬ፣ ለጨርቅ ብለህ ልትሞትብኝ ነው?"

"በሠላሳ ዓመት አንድ ልብስ አላቃጠልኩም።"

"እኔም እስከዛሬ ባል አልቀበርኩም" አለችው።

ከዚያ ወዲያ እሱ በተጋደመበት ሰዓት እዚያ ቤት ካውያ ሞቆ አያውቅም።