«በሰው ቋንቋ ተነጋገሩ» ይሉ የነበሩት ወንድሜ

በቀብሩ ላይ ዶክተር ሙሉጌታ ከሬሳ ሣጥኑ ራስጌ ቆመው ነበር። አቶ ኢብሳ ከአጥሩ ሥር ነበሩ፤ አቶ አብዲ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ፣ ባጃጆቹ አጠገብ። የሦስቱን ተቃዋሚ ፓርቲዎች መሪዎች እንዲህ ተራርቀው ካየኋቸው ቆይቶ ነበር። ከአጥሩ ማዶ ሁለት የማናውቃቸው ወጣቶች የለቀስተኛውን ፊት በስልክ ያነሱ ነበር።

መምጣት ላልቻላችሁ፣ ታላቅ ወንድሜ አቶ ታደለ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከዚራ ሰፈር በሚገኘው ቤታችን አርፈዋል። ሐኪሙ ልብ ነው ብሏል። እኔም ሐኪሙ ያለውን እጽፋለሁ።

ወንድሜ ከባቡር ጣቢያ ጡረታ ከወጡ በኋላ የደከሙት ለአንድ ነገር ነው፤ ሦስቱ ፓርቲዎች ተባብረው አንድ ዕጩ እንዲያቀርቡ። አገሩን ለዘመናት ይዞ የኖረውን መሪ እዚህ ማንም በስሙ አይጠራውም፤ «ሰውዬው» ነው የሚባለው። ሦስቱ ተለያይተው በተወዳደሩ ቁጥር ሰውዬው ያሸንፋል።

መጀመሪያ እኛ ቤት ሲገናኙ ተሰዳድበው ተለያዩ። በሚቀጥለው ጊዜ ወንድሜ ሥርዓት አወጡ። ዶክተሩ በኦሮምኛ፣ አቶ ኢብሳ በሶማልኛ፣ አቶ አብዲ በአማርኛ ብቻ እንዲናገሩ አዘዙ። «በራስ ቋንቋ ስድብ ይቀድማል፤ በሰው ቋንቋ ተነጋገሩ፣ ሐሳብ ይቀድማል» አሉ።

ዶክተሩ ተቆጥተው የኦሮምኛ ቃል ሲያጡ፣ ኦሮምኛ አፍ መፍቻቸው የሆነው አቶ ኢብሳ ሳቁ።

«አቦ ዶክተር፣ ስድብ ካለቀብዎት ላበድርዎት?»

«ቆይ፣ ለእርስዎ የሚመጥን እየፈለግሁ ነው!»

ከዚያን ቀን ወዲህ ተቀምጠው መጨረስ ቻሉ።

ከዋሂል ገጠር የመጡ የአቶ ኢብሳ ፓርቲ ወጣቶች በታሰሩ ጊዜ ስንቅ ያመላለሱት ወንድሜ ነበሩ። ሲመለሱ ታርጋ የሌላት መኪና ትከተላቸው ጀመር። ነገርኳቸው። «መንገዱ የሁሉም ነው» ብለው እጃቸውን ታጥበው ምሳ ቀረቡ።

ስምምነቱ የሚፈረመው በመጪው ቅዳሜ ነው። አዳራሽ የሚያከራይ ሆቴል አልተገኘም፤ የቀረው የእኛ ሳሎን ብቻ ነው። ቤቱ ደግሞ አሁን በእኔ እጅ ነው።

ወንድም ጋሼ፣ አፈር ከለበሱ በኋላ ሦስቱም ሊያጽናኑኝ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር መጡ። አንድ ሱፍ የለበሰ ሰው በመካከላቸው አልፎ እጄን ያዘ። አላውቀውም።

«እማማ፣ እግዜር ያጽናዎት። እንግዲህ ቤቱ ይዘጋል፣ አይደል?»

ድምፁ ትሑት ነበር። ሦስቱም ሰምተዋል። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ቅዳሜ እንግዳ አለብኝ» አልኩት።

በሰላም ይረፉ፣ ወንድም ጋሼ። ነጠላዬን አስተካክዬ ሄድኩ።